የአካኮ ሁቃ ኤባ፣ ከጭፈራው ቀጥሎ

ስሙኝማ። ኡርጂ ዛሬ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ ዶርም ውስጥ ሌሎቹ ልጆች ስለ ፍቅረኞቻቸው ሲያወሩ እሷ የምታወራው ስለ አያቷ ነው። "ደሞ ጀመረች!" እያሉ ትራስ ይወረውሩባታል። እሷ መች ትሰማለች! አይኗ ይፈጣል፣ እጇ አየር ላይ ይዋኛል፣ በቃ ተወልዳ ያደገችበት ነገሌ ነች። ቀዩ አፈር ነጭ ካልሲዋ ላይ፣ ከገበያው ጥግ የግመል ወተት የሚሸጡት ሴቶች ጫጫታ፣ አርብ ከመስጊድ እሁድ ከቸርች ግልብጥ ብሎ የሚወጣው ሰው፣ ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ተጋፍቶ፣ ሁሉም አንድ ባጃጅ እየጠራ። ወይኔ እንዴት እንደሚናፍቅ!

የዚያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። የትምህርት ቤቱ ባህል ክበብ ውስጥ ከጓደኛዋ ከፎዚያ ጋር ትጨፍራለች፣ እና በዓለም ላይ አጥብቃ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር። አያቷ፣ አካኮ ሁቃ፣ ከገጠር ወደ ነገሌ መጥተው አብረዋቸው እንዲኖሩ።

አካኮ ማለት በእነሱ ኦሮምኛ አያት ነው። አካኮ ሁቃ የአባቷ አባት ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥም የማይለያቸው፣ ከነገሌ ወጣ ብሎ ያለው ሊበን ገጠር ውስጥ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አይናቸው እየደከመ መጥቶ፣ አንድ ቀን ከጥጆቹ በረት ደጃፍ ወድቀው ክንዳቸው አብጦ ከረመ። ኡርጂ ያን ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ! "አምጧቸው! እኔ አልጋዬን እለቃለሁ!" እያለች።

ማን ያመጣቸዋል? ነገሌ ይመጣሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፣ የኡርጂን ጸጉር ይደባብሳሉ፣ ጸሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ግን ዱላቸውን አንስተው "ናጋ ቡላ"፣ ሰላም እደሩ፣ ብለው ውልቅ። አንድም ቀን አላደሩም።

ምክንያቱ ኤባ ነው።

ኤባ ምርቃት ነው፣ ግን እኛ የምናውቀው "እደጊ ተመንደጊ" ዓይነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌው ወደ ዋቃ፣ ወደ ፈጣሪ፣ አንድ አንድ ቃል ይልካል፣ የተሰበሰበው ሰው ባንድ አፍ "ናጋ!" ብሎ ይመልሳል። ሰላም፣ ማለት ነው። ከብት ሲወጣ ኤባ፣ ከብት ሲገባ ኤባ፣ ስብሰባ ሲከፈት ኤባ። እና መላሽ ከሌለ ኤባ የለም፤ ተቀባይ እንደሌለው ኳስ መሬት ወርዶ ይንከባለላል። ሽማግሌ ሰው ያደረበት ቤት ማታ ኤባ ያደርጋል፣ መጀመሪያ የሚመልሰው ደግሞ አባወራው ነው።

አባወራው ደግሞ የኡርጂ አባት ነው፤ ዲዳ ይባላል፣ ስሙ ነው እንጂ አንደበትስ አለው። ዲዳ አይመልስም።

ነገሩ የቆየ ነው። ደርግ ወድቆ የተዘጉ ቸርቾች ሲከፈቱ፣ ዲዳ ጎረምሳ ሳለ ጌታን ተቀበለ። ያስተማሩት ሰዎች "ለኤባ 'ናጋ' ብለህ መመለስ ለሌላ መስገድ ነው" አሉት። ከዚያ ወዲያ አፉን ዘጋ። አካኮ ሰርጉን ሲመርቁ ዝም። ኡርጂ ተወልዳ ሲመርቁ ዝም። እናቷ ጉያቱ እንኳን ሕፃኗን ታቅፋ በሹክሹክታ ትመልስ ነበር አሉ። "አንቺስ?" ብሎ ጋሽ ኩራ፣ የቸርቹ ሽማግሌ፣ ሲጠይቃት፣ "እኔ የመለስኩት ለአማቴ ነው፣ ከአማቴ ጋር አታጣሉኝ!" ብላ ዘጋችው። ጉያቱ እንደዚህ ነች።

ከዚያ ዲዳ ቲዎሎጂ ሊማር ሄደ። ሁሉም ሰው፣ ጋሽ ኩራም ጭምር፣ አባቱን በክርክር ድል የሚያደርግበት መሣሪያ ታጥቆ የሚመለስ መስሎት ነበር። እሱ ግን ተመልሶ መጣና ጭራሽ ዝምተኛ ሆነ! አንድ ነገር ሲጠየቅ "እስቲ ቆይ" ይላል። ጋሽ ኩራ "ይሄን ልጅ ልከን 'እስቲ ቆይ' ተምሮ መጣ" እያለ ይስቅበት ነበር። ቸርቹ ደሞዝ ስላልነበረው ዲዳ አንድ የውሃ ድርጅት ተቀጠረ፤ ገጠር እየወጣ ሰው ማስተባበር፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ማስተርጎም።

ያ ድርጅት ነው እንግዲህ ሊበን ውስጥ፣ አካኮ ሰፈር አጠገብ፣ በሶላር የምትሠራ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፈረው።

የድርጅቱ አስተባባሪ እትዬ አመለወርቅ ነበረች። እትዬ አመለወርቅን መውደድ ግድ ነው፤ ጾመኛ፣ ሳቂታ፣ ከረሜላ ከቦርሳዋ የማይጠፋ። አንድ ሕግ ግን ነበራት። በድርጅቱ ዝግጅት ላይ ጸሎት የለም። ሕጉ ከሜዳ አልመጣም። ወደራ ከተማ በኩል አንድ የመማሪያ ክፍል ሲመረቅ ፓስተሩ፣ ሼሁና ቄሱ "ማን መጀመሪያ ይጸልይ" ላይ ተያይዘው፣ እንግዳው ምሳውን ሳይበላ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እትዬ አመለወርቅ "ሁላችሁም እቤታችሁ ጸልዩ፣ እኔ ጋ ውሃ ብቻ!" አለች። ፍትሐዊ አይደለም ትላላችሁ? ነው እኮ።

ግን ሊበን ውስጥ ያለ ኤባ ውሃ መክፈት ማለት ያለ ሙሽራ ሰርግ ነው። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ዞር ይላል። ስለዚህ ዘዴ ዘየደች። ፕሮግራሙ ላይ "ጸሎት" አልተባለም፤ "ባህላዊ ምርቃት" ተባለ። ባህል ከሆነ ማንም አይጣላም።

"ኡርጂዬ፣ ፈጠን ብለሽ ለአያትሽ ንገሪልኝ፣ ካልሆነ ሌላ ሽማግሌ መፈለጌ ነው" አለቻት።

ኡርጂ በደስታ ልትፈነዳ! እሷ ትጨፍራለች፣ አያቷ ይመርቃሉ፣ አባቷ ማይክ ይዞ ያስተረጉማል፤ የፌስቡክ ፎቶ ነው በቃ! ፎዚያን ጎትታ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥለው ሄዱ።

አካኮ ግራር ሥር ተቀምጠው መጫሚያቸውን ሲጠግኑ አገኟቸው።

"አካም፣ አካኮ!"

"ናጋ፣ ናጋ። ይቺ የማናት?" ፎዚያን በደከመ አይናቸው አጥብቀው እያዩ።

"ፎዚያ ነኝ፣ አካኮ። የሹፌሩ የኢብራሂም ልጅ።"

"አሃ! አባትሽ አሬሮ ድረስ ወስዶኝ ሳንቲም አልቀበልም ያለው። ቁጭ በይ፣ ወተት አለ።"

ኡርጂ ትንፋሽ ሳትወስድ ዘረገፈችው። እንግዶቹ ከአዲስ አበባ፣ ሚኒባሱ፣ ድንኳኑ፣ ካሜራው፣ ሁሉንም። "እና እርስዎ ሦስተኛ ነዎት!"

"ከማን ቀጥዬ?"

"ከእኛ ጭፈራ!"

"ከእኔስ ቀጥሎ ምንድነው?"

"የሴቶች ሩጫ፣ ጀሪካን ተሸክመው። ያሸነፈች ባልዲ ትሸለማለች።"

አካኮ መጫሚያውን አገላብጠው አዩት። "ምን ተብሎ ነው የተጻፈልኝ?"

"ባህላዊ ምርቃት።"

"ባህላዊ" አሉ፣ አማርኛውን ቃል ጥርሳቸው ውስጥ እንደገባ አጥንት እየመረመሩት። ከዚያ "እመጣለሁ" አሉ። ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ፎዚያ መንገድ ላይ "አያትሽ የተናደዱ መሰለኝ" ስትላት ኡርጂ "ኧረ እሳቸው ሲደሰቱ እንደዚያ ነው!" ብላ ሳቀች። ሐቁን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲያ ግን ስለ ፎቶው አላነሳችም።

እቤት ራት ላይ ነገሩን ስትናገር ጋሽ ኩራም ነበረ።

"እንግዲህ ተገላገልክ፣ ዲዳ!" አለ ጋሽ ኩራ ጉርሻውን ሳይውጥ። "ባህል ነው ተብሎ ፕሮግራም ላይ ከተጻፈ ሃይማኖት አይደለማ። ሃይማኖት ካልሆነ መመለስ ምን ችግር አለው? 'ናጋ' በል፣ አባትህን ደስ አሰኝ፣ አለቀ።"

ኡርጂ ከመቀመጫዋ ብድግ! "አዎ አባዬ! አዎ! በላቸው! አንዴ ብቻ ብትልላቸው እኮ እዚሁ ያድራሉ!"

ዲዳ እጁን ከትሪው ሰበሰበ። "እስቲ ቆይ" አለ።

"እስቲ ቆይ ጀመረ" አለች ጉያቱ።

"አይ፣ ጋሽ ኩራ፣ እሱ ነው የከበደኝ" አለ። "አባቴ ቆመው እየጸለዩ ነው። እኔ በልቤ 'ጭፈራ ነው' ብዬ ብመልስላቸው... ዝም ከማለቴ አይብስም? እስከዛሬ ዝም ስል ቢያንስ ጸሎታቸውን ጸሎት ነው ብዬ ነበር።"

"አሁን ይሄ ምኑ ይከብዳል?" አለ ጋሽ ኩራ።

"አላውቅም። ከዋቃዮ ጋር እኮ አይቀለድም። እኛስ ቸርች 'ዋቃዮ' እያልን የምንዘምረው ስሙን ከማን አግኝተነው ነው? ከእነሱ አይደል?"

ጋሽ ኩራ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ቲዎሎጂ አበላሸህ" አለ፣ ግን እንደ ቀልድም እንደ ፍርሃትም። ኡርጂ በበኩሏ አባቷን በጣም ጠላችው። ለአምስት ደቂቃ። አንድ ቃል እኮ ነው! ሁለት ፊደል! አያቷ እንደገና በረት ደጃፍ ቢወድቁስ? ይሄ ሁሉ "እስቲ ቆይ" ማንን ያነሳል? ሳህኗን ይዛ ወጥታ ውጪ ማጠቢያው ጋ እየተነጫነጨች ቆየች፤ እናቷም መጥታ አጠገቧ ቆማ "እኔም አንዳንዴ እንደዚያው ያደርገኛል" ብላት ገባች።

የምረቃው ቀን ጸሐይዋ ገና በጠዋቱ ጨካኝ ነበረች። ድንኳን ተተክሏል፣ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ከየአቅጣጫው ሰው ከነከብቱ መጥቷል፤ ፍየሎቹ የእንግዶቹን ወንበር ምንጣፍ ሊበሉ ይታገላሉ። የድርጅቱ ትልቅ ሰውዬ ከአዲስ አበባ መጥቶ ላቡን ይጠርጋል። ዲዳ መሀል ቆሞ ማይክ ይዞ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ፣ ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ ይገለብጣል። ኡርጂና ፎዚያ ጨፈሩ። ጨፈሩ ስላችሁ! አፈሩ ጨሰ፣ አሮጊቶቹ እልል አሉ፣ ፎዚያ ሻሿ ሊወልቅ ሲል በጥርሷ ይዛው ቀጠለች።

ከዚያ እትዬ አመለወርቅ "ቀጥሎ፣ ባህላዊ ምርቃት!" አለች። ካሜራማኑ ሮጦ ተንበረከከ።

አካኮ ሁቃ ተነሡ። ዱላቸውን ተክለው ቀጥ ብለው ቆሙ።

"አባ፣ ይጀምሩ" አለ ዲዳ በቀስታ።

"አልጀምርም" አሉ አካኮ። "መጀመሪያ የምናገረው አለኝ። ተርጉምልኝ።"

ጉድ ፈላ! እትዬ አመለወርቅ ከረሜላዋን ዋጠች።

"ናጋ?" አሉ አካኮ ወደ ሰዉ ዞረው።

"ናጋ!"

"ኤባ አድርግ ተብዬ ተጠርቻለሁ። ከልጆቹ ጭፈራ ቀጥዬ፣ ከጀሪካኑ ሩጫ በፊት።" ሰዉ ሳቀ። ዲዳ ተረጎመ፣ እንግዶቹም ሳቁ። "የልጄ ልጅም ጨፍራለች። ጥሩ ጨፍራለች። ጭፈራ ጥሩ ነው።" ኡርጂ ፊቷን በፎዚያ ትከሻ ሸፈነች።

"በደርግ ጊዜ ካድሬ መጣ። 'ዋቃ የለም፣ ኤባ የለም፣ እጅህን ጨብጠህ ወደ ላይ አንሳ' አለኝ። አነሣሁ። ምን ላድርግ? ኤባዬን ከከብቶቼ ኋላ እየሄድኩ በሆዴ አልኩት፤ ላሞቼ መለሱልኝ። ያ ካድሬ ክፉ ሰው ነበር፤ ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር። እኔ አፌን ስከፍት ከዋቃ ጋር እንደማወራ ያውቅ ነበር። ስላወቀ ነው የከለከለኝ።"

ዲዳ እየተረጎመ ድምፁ ወረደ። ሰዉ መሳቁን ትቷል።

"ዛሬ ማንም አልከለከለኝም። ወንበር ሰጡኝ፣ በላስቲክ የታሸገ ውሃ ሰጡኝ፣ ይሄ ልጅም ከእግሬ ሥር ተንበርክኮ ያነሳኛል። ደግ ሰዎች ናቸው። ግን የምትናገረው ለእኛ ነው፣ ለማየት ያምራል፣ አሉኝ። እኔ ለእናንተ አይደለም የምናገረው።"

እትዬ አመለወርቅ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

"ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል የእኔ ኤባ ጸሎት መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ" ብለው ቀጠሉ አካኮ። "ስለሚያውቅም አይመልስልኝም። ያም ሰው ማይኩን የያዘው ልጄ ነው።"

ዲዳ አፉን ከፈተ። "ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል... የእሳቸው ኤባ ጸሎት መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ ይላሉ። እሱም... አይመልስላቸውም።" ቆመ።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ "ሙሉውን ተርጉም እንጂ!" አለ።

"ያም ሰው እኔ ነኝ" አለ ዲዳ።

ኡርጂ የፎዚያን እጅ ጨምቃ ልትሰብረው! በቃ ተዋረድን፣ አበቃ፣ አካኮ ከእንግዲህ ለሻይ እንኳን አይመጡም፣ ብላ አሰበች። አባቷ ማይኩን ሲያወርድ አየች። ሊሄድ ነው። አይ፣ አልሄደም። ወደ እትዬ አመለወርቅ ዞረ።

"እትዬ፣ አባቴ የሚሉት ልክ ነው። ይሄ ጸሎት ነው። እንደዚያ ብዬ ልናገር ወይስ ፕሮግራሙን ልጠብቅ?"

ምስኪን! ትልቁ ሰውዬ ያያታል፣ ሼሁ ያያታል፣ ጋሽ ኩራ ከፊት ወንበር ላይ ያያታል፣ ወደራ ላይ የቀዘቀዘው ምሳ ትዝ ብሏታል መቼም። የሻሿን ጫፍ አጠበቀች።

"ጸሎት ከሆነማ... እንግዲህ ጸሎት ነው በላ! ምን አደርጋለሁ? እኔ ለሰላም ብዬ ነበር" አለች። ከዚያ ጣቷን ቀስራ፣ "ግን ማንም ተገዶ አይመልስም! የሚመልስ ይመልስ፣ የማይመልስ ኮፍያውን አውልቆ ዝም ይበል። ማንም ማንንም እንዳያይ!" ይሄን ስትል ሼሁ ሳቁ፤ "ይሄ ነገር ተስማምቶኛል" አሉ።

ዲዳ ማይኩን ለኡርጂ ሰጣት። አዎ፣ ለእሷ! "ያዢልኝ። ይሄ አይተረጎምም" አላት። ባዶ እጁን አባቱ ፊት ሄዶ ቆመ።

"አባ፣ ማለት የምችለውን እመልሳለሁ። የማልችለው ጋ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ንቄዎት አይደለም።"

አካኮ አይናቸውን አጥበው አዩት። "ታዲያ እስከዛሬ ለምንድነው ሁሉም ጋ ዝም ያልከው?"

"ሰነፍ ስለነበርኩ። ሁሉም ጋ ዝም ማለት ይቀላል።"

"ኤዲያ!" አሉ አካኮ። "ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው?"

"ለዚህ ነው።"

አካኮ እጃቸውን ዘረጉ። ድምፃቸው ያ ቀጭን የሻይ ድምፅ አልነበረም፤ ኡርጂ ሰምታው አታውቅም፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ ዓይነት።

"ዋቃ፣ ሰላም አውለን።"

"ናጋ!" ሰዉ። እና ከሰዉ መሀል የአባቷ ድምፅ! ትንሽ የተሰነጠቀ፣ ግን እሱ ነው!

"ላሟ ወተቷን ትስጥ።"

"ናጋ!"

"ዝናቡ ሰዓቱን አይርሳ።"

"ናጋ!" ፎዚያ ከአጠገቧ ቀስ ብላ "አሚን" አለች። ጋሽ ኩራ ኮፍያውን አውልቆ እግሩን ያያል።

"የሩቁ ይቅረብ። የተጣላ ይታረቅ።"

"ናጋ!" አለ ዲዳ፣ ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም ጮኾ።

"የቀኑ አያና ይጠብቀን።"

አያና የቀኑ መንፈስ ነው፤ በእነሱ ዘንድ እያንዳንዱ ቀን የራሱ አለው። ሰዉ ሁሉ "ናጋ!" አለ። ዲዳ ግን ዝም። ከንፈሩ ጭምቅ። ይሄው አበላሸው፣ አለች ኡርጂ!

አካኮ ቆሙ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያቺን ዝምታ ሰሟት፤ ደህና አድርገው፣ ልክ ሰው ደጅ ላይ የእግር ኮቴ እንደሚሰማው። ከዚያ ጥርሳቸው ብልጭ አለና ቀጠሉ። "ይቺ ውሃ አትንጠፍ።"

"ናጋ!" አለ ዲዳ።

ውሃው ተከፈተ፣ ልጆች ገቡበት፣ የጀሪካኑን ሩጫ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴትዮ አሸነፈች (ባልዲውን ለእናቷ ሰጠች)። ኡርጂ ግን አይኗ ከሁለቱ ላይ አልተነሣም። አካኮ ሕዝቡን በዱላቸው እየከፈሉ ወደ ልጃቸው መጡ።

"አያናው ጋ ዝም አልክ።"

"አዎ፣ አባ።"

"ለምን?"

"ረጅም ነው።"

"እኔ ጊዜ አለኝ።"

"መኪናው ሊሄድ ነው እኮ።"

"ታዲያ መኪናው ውስጥ ንገረኛ! ቃል እየዘለልክ መመለስህ ሳያንስ አሁን ልትሸሽ ነው?" ብለው ቀድመው ሄደው ጋቢና ገቡ። ጋሽ ኩራ የያዘውን ቦታ! "አንተ ወጣት ነህ፣ ከኋላ ተሳፈር" አሉት። ጋሽ ኩራ ሃምሳ ዓመቱ ነው። ሰውየው ከጭፈራ ቡድኑ ጋር ከኋላ ተጭኖ፣ አቧራ እየቃመ፣ "አሁን ጉድ ሆንን፣ ጸሎት ነው ብሎ መለሰ እኮ! ባህል ነው ብሎ ቢመልስ ይሻል ነበር" እያለ ለፎዚያ ያማርራል። ፎዚያ ምን ታድርግ፤ "አይዞዎት ጋሽ ኩራ" እያለች ታጽናናዋለች። እኛ የነገሌ ልጆች እንደዚህ ነን፣ የማይመለከተንን ሁሉ እናጽናናለን!

ከጋቢናው ነገሌ እስኪገቡ የሚወጣው ጭቅጭቅ! "ቀኑን የሠራው ማነው?" "ዋቃ ነዋ!" "ታዲያ ጠባቂው ቀኑ ነው ወይስ የሠራው?" "አንተ ደግሞ፣ እኔ ልጄን ጥጃ ጠብቅ ብዬ ስልከው ጥጃው የእኔ አይደለም ማለት ነው?" ሹፌሩ የፎዚያ አባት ነበር፤ ሁለት ጊዜ መኪናውን አቁሞ እሱም ገባበት።

ያን ማታ አካኮ አደሩ። በነጋታውም። ከሳምንት በኋላ "ላሜን ማን ያልባታል?" ብለው ሄዱና ላሟን ራሷን ይዘው መጡ፤ ጉያቱ "ይቺን የት ላስተኛት፣ ሳሎን?" ብላ ጮኸች፣ በኋላ ግን ወተቱን ለጎረቤት ስትሸጥ አፏን ዘጋች። ኡርጂ አልጋዋን ለቀቀች፤ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋ የሁለቱን ክርክር እየሰማች መተኛት ለመደች። ጋሽ ኩራ እንኳን "ዲዳን ላስመክር" እያለ መምጣት ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ መሀላቸው ተቀምጦ መከራከር ሆነ ሥራው። አካኮ ጌታን አልተቀበሉም፣ ዲዳም ለአያናው አንድም ቀን አልመለሰም። ማንም ማንንም አላሸነፈም፤ ኡርጂም ድሮ የምትፈልገው ሰላም እንደዚህ ጫጫታ ያለው ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም።

አካኮ አሁን የሉም። ኡርጂ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ ዝናብ በገባ ሰሞን፣ እዛው እነሱ ቤት አረፉ። ዶርም ውስጥ እዚህ ጋ ስትደርስ ትራስ የሚወረውር ሰው የለም፤ እሷ ግን ፈጥና ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ማታ። መብራት ጠፍቶ ሻማ በርቷል። አካኮ ከትሪው ፊት እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ዲዳ አንድ አንድ እያለ ይመልሳል፣ አያናው ጋ ሲደርሱ ዝም ይላል፣ አካኮ "ይኸው ደሞ!" ይላሉ፣ ዲዳ "አባ፣ ቅድም እኮ ነገርኩዎት" ይላል፣ "አልገባኝም፣ እንደገና ንገረኝ" ይላሉ፣ እጃቸው ገና እንደተዘረጋ። ጉያቱ ወጡን አውጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ፦

"ዋቃዮም ራቱ ሳይቀዘቅዝ ነው የሚሰማው! ተከራከሩ፣ ግን እየበላችሁ!"